የኢየሩሳሌም አየርና የተሳላሚ ስንቅ

ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ብዙ ነገር ይጠይቃል። የይለፍ ወረቀቱ መቼ እንደሚደርስ፣ የአይሮፕላኑ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጠይቃል። ለዘመድና ለወዳጅ የሚያመጣውን መስቀልና ሻማ እንኳ ከመሄዱ በፊት ይቈጥራል። ስለ ከተማይቱ አየር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «እኛ ደገኞች ነን፤ ብርድም ፀሐይም አይገርመንም» ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። ነገር ግን ብዙ ዓመት በጸሎትና በቍጠባ ሲጠበቅ የኖረ ጉዞ በአንድ ቀን የፀሐይ ምት ወይም በሁለት ሌሊት ብርድ ሲበላሽ ማየት እጅግ ያሳዝናል። ከተሳላሚዎቻችን መካከል በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ብዙ ስለ ሆኑ፣ ነገሩ የምቾት ጕዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤናና የሕይወት ጕዳይ ነው። ስለዚህ የከተማይቱ አየር በየወራቱ እንዴት እንደ ሆነ፣ ተሳላሚውና ቤተ ሰቡም ምን ማዘጋጀት እንደሚገባቸው ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እንመለከታለን።

በቀድሞ ዘመን አባቶቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ከፊሎቹ በሱዳንና በግብፅ በኩል በእግር ይጓዙ ነበር፤ ከፊሎቹም ከምጽዋ በመርከብ ተሳፍረው ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር። ጉዞው ወራት ይፈጅ ነበር፤ በመንገድ የቀረውም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ያ ረዥም መከራ አንድ ጥቅም ነበረው፤ ሰውነት ከደጋው ወደ ቈላው፣ ከቈላውም ወደ በረሓው ሲወርድ አየሩን በየጥቂቱ ይለምደው ነበር። የዛሬው ተሳላሚ ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አራት ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ በሌላ አየር ውስጥ ይወርዳል። አይሮፕላን መንገዱን አሳጠረ እንጂ ሰውነት አየር የሚለምድበትን ጊዜ አላሳጠረም። እንግዲህ መንገዱ ያስተምር የነበረውን ትምህርት ዛሬ ቤት ሳሉ መማር ያስፈልጋል።

ኢየሩሳሌም የተሠራችው በይሁዳ ተራሮች ጀርባ ላይ ነው፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 750 እስከ 800 ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን ለሚያስብ ሰው ይህ ከፍታ ዝቅ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን የቦታው ጠባይ የሚታወቀው በከፍታው ብቻ ሳይሆን በግራና በቀኙ ባለውም ነው። ወደ ምዕራብ ቢሄዱ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገኛል። ወደ ምሥራቅ ደግሞ ደብረ ዘይትን አልፎ የይሁዳ ምድረ በዳ ይጀምራል፤ ከዚያም ምድር እየወረደች ሄዳ ኢያሪኮ ላይ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል፣ ሙት ባሕር ዳር ላይ ደግሞ 430 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ወንጌል ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲሄድ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው ሰው ሲናገር መንገዱን መውረድ ብሎ መጥራቱ ለምሳሌ ያህል ብቻ የተነገረ አይደለም። በእውነትም ያ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍለት ነው፤ የዛሬው አውቶቡስም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይወርደዋል።

ከዚህም የተነሣ ተሳላሚው በጥቂት ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት አየር ያገኛል። አይሮፕላኑ የሚያርፍበት ሜዳ ለባሕሩ የቀረበ ስለ ሆነ እርጥበትና ሙቀት አለው። ኢየሩሳሌምና ቤተ ልሔም ነፋሻ ደጋ ናቸው። ኢያሪኮ፣ ዮርዳኖስና ሙት ባሕር ግን ሙቀቱ የበዛ ቈላ ናቸው። ጧት በኢየሩሳሌም ሹራብ የለበሰ ሰው በቀትር ኢያሪኮ ላይ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል፤ ማታ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ሹራብ ይናፍቃል።

የሁሉ መጀመሪያ የሆነው ትምህርት የሚከተለው ነው። የኢየሩሳሌም ክረምትና የእኛ ክረምት አይገናኙም። እኛ ዘንድ ሰኔ ሲገባ ሰማይ ይከፈታል፤ በዚያ ግን ሰኔ ሲገባ ሰማይ ይዘጋል። ምክንያቱም የእኛን ዝናብ የሚያመጣው ፀሐይ ወደ ሰሜን በምታዘነብልበት ወራት ተከትሎ የሚመጣው እርጥበት ያለው ነፋስ ሲሆን፣ የኢየሩሳሌምን ዝናብ የሚያመጣው ግን በብርድ ወራት ከምዕራብ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ተሻግሮ የሚመጣው ደመና ነው። በበጋቸው ወራት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ደረቅ አየር በዚያ አገር ላይ ስለሚቀመጥ ደመናው ዝናብ አይሰጥም። በዓመት የሚዘንበውም 550 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ከሚዘንበው ግማሽ ቢሆን ነው። ይኸውም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ብቻ የሚወርድ ነው። መጻሕፍት ስለ ፊተኛው ዝናብና ስለ ኋለኛው ዝናብ የሚናገሩት ይህን ነው፤ ፊተኛው በመከር ወራት ምድሪቱን ለዘር የሚያለሰልሰው፣ ኋለኛውም በጸደይ እህሉን ለአጨዳ የሚያበቃው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ነሐሴ ነውና ዝናብ ይኖራል» ብሎ የዝናብ ካፖርት ተሸክሞ ይሄዳል፤ «ጥር በጋ ነው» ብሎም በነጠላ ብቻ ይሄዳል። ሁለቱም ይቸገራሉ፤ የኋለኛው ግን ከፊተኛው ይልቅ ይጐዳል።

አሁን ወራቱን በየተራቸው እንመልከት። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ደመና መታየት ይጀምራል፤ በኅዳር ዝናቡ ይጠነክራል። ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ዋነኞቹ የዝናብ ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት በቀን ሙቀቱ 12 ዲግሪ ያህል፣ በሌሊት 6 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ አንዳንድ ሌሊትም እስከ በረዶ ይወርዳል። በአንዳንድ ዓመት አመዳይ ወርዶ ከተማይቱን ያለብሳታል፤ በ2006 ዓ.ም. በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት የወረደው ከባድ አመዳይ መንገዶችን እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው «በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እኛም እንዲህ ያለ ብርድ አለን» ይል ይሆናል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን የእኛ ብርድ ደረቅ ነው፤ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል፤ ቀትር ላይ ጋቢ ይወልቃል። የዚያ አገር ብርድ ከዝናብና ከነፋስ ጋር የሚመጣ ነው፤ ቀትርም ሆኖ አይለቅም፤ የድንጋዩ ቤትና የድንጋዩ ወለልም ብርዱን ይዞ ያቈየዋል። የረጠበ ነጠላ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። ዕዝራ በዘጠነኛው ወር ሕዝቡን በሰበሰበ ጊዜ ሕዝቡ በአደባባይ ተቀምጦ ከዝናቡ ብዛት የተነሣ መንቀጥቀጡ ተጽፏል፤ ዘጠነኛው ወር በእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚውለው ነው። ዛሬም ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ልደትን በቤተ ልሔም ለማክበር የሚሄድ ሰው ይህንኑ ብርድ ያገኘዋል። ቀኑም አጭር ነው፤ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ፍጹም ደረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ኢያሪኮ ላይ ግን 38 እና 40 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። የፍልሰታን ጾም በጌቴሴማኒ ለማሳለፍ የሚሄዱ ምእመናን አገር ቤት ጭቃና ጉም ትተው ይነሡና በማግሥቱ ደመና በሌለው ሰማይ ሥር ይቆማሉ። የኢየሩሳሌም በጋ አንድ በጎ ነገር አለው፤ ወደ ማታ ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነሣል፤ ሌሊቱም ለእንቅልፍ ይመቻል። ስለዚህ በዚያ ወራት ጠዋት ማልዶ መሳለም፣ ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጥላ መቀመጥ፣ ማታ ደግሞ መውጣት ብልኅነት ነው።

መስከረምና ጥቅምት መልካም ወራት ናቸው። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ መንገዱም ደረቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከምድረ በዳው የሚመጣ ትኵስ ነፋስ ይነሣል። በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ከየከተማው ከሚመጡት ጋር ተሰብስበው የስግድን በዓል የሚያከብሩት በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ነው፤ ያን ጊዜ ዝናቡ ሊጀምር ስለሚችል ለበዓል የሚወጡት ሰዎች ጃንጥላ ቢይዙ አይደንቅም።

ከሁሉ ይልቅ ተሳላሚዎቻችን የሚበዙት በሰሙነ ሕማማትና በፋሲካ ስለ ሆነ ስለዚህ ወቅት ሰፋ አድርገን እንናገር። በእኛ ባሕረ ሐሳብ ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን በፊት፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም በኋላ አይውልም። በሁለቱ መካከል ከአንድ ወር በላይ ልዩነት አለ፤ ይህ ልዩነት በኢየሩሳሌም አየር ላይ ታላቅ ነገር ነው። ፋሲካ በመጋቢት መጨረሻ ሲውል የኋለኛው ዝናብ ገና አላለቀም፤ ሰማይ ሊጠቍር፣ ሌሊቱም ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በሚያዝያ መጨረሻ ሲውል ግን በጋው ደጅ ላይ ነው። ስለዚህ ተሳላሚው ልብሱን ከማጠፉ በፊት የዓመቱን የፋሲካ ቀን ይመልከት፤ ባለፈው ዓመት የሄደ ጎረቤት የነገረው ምክር ለዘንድሮው ላይሆን ይችላልና።

በዚህ ወቅት የሚያስፈራው ዐረቦች ኻምሲን የሚሉት ነፋስ ነው፤ በዕብራይስጥ ሻራቭ ይባላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከምሥራቅና ከደቡብ ምድረ በዳ ይነሣና አቧራ ይዞ ይመጣል። ትናንት 20 ዲግሪ የነበረው ቀን ዛሬ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም 35 ይደርሳል። አየሩ ከመጠን በላይ ስለሚደርቅ ላብ ገና ሳይታይ ይተንናል፤ ከዚህም የተነሣ ሰው ውሃው ከሰውነቱ መውጣቱን ሳያውቅ ይደክማል። አደጋውም በዚህ ላይ ነው፤ በእርጥብ ቈላ ልብሱ ሲርስ ያየ ሰው ውሃ ይፈልጋል፤ በደረቅ ነፋስ ውስጥ ያለ ሰው ግን የሚያስጠነቅቀው የለም። ነፋሱ ከአንድ ቀን እስከ ጥቂት ቀናት ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ከምዕራብ ቀዝቃዛ አየር በድንገት ይገባና ሙቀቱ በአንድ ማታ ይወርዳል። ትናንት በሙቀት የተጨነቀ ሰው ዛሬ በብርድ ይታመማል።

የሰሙነ ሕማማት ሌሊት ብርድ እንዳለው ወንጌል ራሱ ምስክር ነው። ጌታ በተያዘባት ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሎሌዎቹ ስለ ብርዱ የከሰል እሳት አንድደው ይሞቁ ነበር፤ ጴጥሮስም ከእነርሱ ጋር ቆሞ ሲሞቅ ነበር። ቀኑ ምንም ቢሞቅ የዚያ ወቅት ሌሊት የዛሬም ተሳላሚ እሳት የሚያስፈልግበት ነው። የእኛ ሰዎች ደግሞ የትንሣኤን ሌሊት የሚያሳልፉት በቤት ውስጥ አይደለም። መነኰሳቶቻችን የሚኖሩበት ዴር ሱልጣን በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለ ገዳም ነው። ቅዳሜ ማታ ዑደቱ የሚደረገው በዚያ ጣራ ላይ፣ በሰማይ ሥር ነው። ቀን ላይ ያ ጣራ ፀሐይን ተቀብሎ ይግላል፤ ሌሊት ነፋስ ያገኘዋል። በቀን ጥላ፣ በሌሊት ጋቢ የማይፈልግ ሰው በዚያ የለም።

በዚህ ላይ ጾሙ አለ። ብዙዎች እናቶች ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ውሃ ሳይቀምሱ አክፍለው ይቆያሉ። በአገራቸው፣ በለመዱት አየር፣ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። በኢየሩሳሌም ግን ጾሙ ያው ሲሆን አየሩ ሌላ ነው፤ መንገዱም ዳገትና ደረጃ ያለበት ነው። በአንድ የፋሲካ ሰሞን ከዚህ ጸሐፊ ጋር ከተጓዙት መካከል ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ነበሩ። ለዚህ ጉዞ ገንዘብ ያጠራቀሙት ዐሥራ አንድ ዓመት ዕቁብ ጥለው ነው። የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ ነገር ግን ከጕዞ ባልንጀሮቻቸው ለማንም አልተናገሩም። ዓርብ ዕለት ኻምሲን ተነሥቶ ነበር። በመከራው መንገድ ከሕዝቡ ጋር ሲወጡ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ጕልበታቸው ከድቷቸው በአንድ ቤት ግንብ ሥር ተቀመጡ። ከተሳላሚዎቹ አንዲቱ ነርስ ስለ ነበረች ወዲያው አወቀችና ውሃ አቀረበችላቸው። «እማማ፣ ይህን ብቻ ይጠጡልኝ» አለቻቸው። እሳቸው ግን ፊታቸውን መለሱ። «በዚህ ቀን፣ እዚህ ድረስ መጥቼ ውሃ ልጠጣ?» አሉ።

ነርሷ ብትለምንም እንቢ አሉ። ሕዝቡ እያለፈ ነው፤ ፀሐዩ እየበረታ ነው። በመጨረሻ ተሳላሚዎቹን ይመሩ የነበሩት ቄስ ተጠርተው መጡ፤ አጠገባቸውም ተንበረከኩ። «እናቴ፣» አሉ፣ «ቤተ ክርስቲያን ጾም የሠራችው ለጤነኛ ነው፤ የታመመ ሰው ውሃ ቢጠጣ ጾም ሻረ አይባልም። ይህን በራስዎ ፈቃድ ሳይሆን በእኔ ቃል ይጠጡ።» እሳቸውም አለቀሱ፤ ጠጡም። ከዚያ በኋላ ሐኪም አያቸው፤ መድኃኒታቸውን አስተካከለላቸው፤ ያን ቀንና ማግሥቱን አረፉ። ቅዳሜ ማታ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው፣ ሻማቸውን ይዘው በጣራው ላይ ተቀምጠው ነበር። ለነርሷ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለልጄ እንዳትነግሪብኝ፤ ሁለተኛ አትለቀኝም» አሉ።

ይህ ነገር ብዙ ያስተምራል። እኚህን እናት ሊጐዳቸው የነበረው ጾሙም አየሩም ብቻውን አይደለም፤ ሁለቱ ከተደበቀው ሕመም ጋር በአንድ ቀን መገናኘታቸው ነው። ውሳኔውም በፀሐይ መካከል፣ በድካም ሰዓት ሳይሆን በቤት፣ በጸጥታ ጊዜ መደረግ የሚገባው ነበር። ስለዚህ የተሳላሚ የመጀመሪያው ዝግጅት ሁለት ሰዎችን መጠየቅ ነው፤ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን። ሐኪሙ «ይህን ያህል ሰዓት ያለ ውሃና ያለ መድኃኒት መቆየት ይችላሉ፤ አይችሉም» ብሎ ይናገር፤ የንስሐ አባትም ያንን ሰምቶ እንደ ዐቅማቸው ይዘዝላቸው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የኵላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሳያደርግ ባይነሣ ይሻላል። ለደም ግፊት ከሚሰጡት ክኒኖች አንዳንዶቹ ውሃን ከሰውነት የሚያስወጡ ስለ ሆኑ በሙቀት ወራት እንዴት እንደሚወሰዱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዝግጅት ልብስ ነው። አንድ ወፍራም ልብስ ከመያዝ ተደራርበው የሚለበሱ ሦስት ቀለል ያሉ ልብሶችን መያዝ ይሻላል፤ ሲሞቅ አንዱ ይወልቃል፣ ሲበርድ ይጨመራል። የአገራችን ነጭ ጥጥ ለፀሐይ እጅግ የተመቸ ነው፤ ነጠላውም ራስንና አንገትን ይሸፍናል። ለሌሊት ጋቢና የሱፍ ሹራብ ያስፈልጋል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ለሚሄድ ውሃ የማያስገባ ካፖርት ይጨመር፤ በጠንካራ ነፋስ ጃንጥላ ስለሚገለበጥ በእርሱ ብቻ መታመን አይገባም። በበጋ ግን ጃንጥላ ጥላ ይሆናል። ስለ ጫማ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። የአሮጌይቱ ከተማ ድንጋይ ብዙ ዘመን ከተረገጠ የተነሣ ልሟል፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ስለዚህ ታችኛው ጎማ የሆነ፣ እግር ቀድሞ የለመደው ጫማ ይያዝ። ለጕዞ ተብሎ በዋዜማ የተገዛ አዲስ ጫማ በሁለተኛው ቀን እግርን ያቈስላል።

ሦስተኛው ዝግጅት ውሃና ምግብ ነው። በሙቀት ቀን የማይጾም ወይም የተፈቀደለት ሰው ጥማት ሳይጠብቅ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። ከቤት በሶና ቆሎ መያዝ መልካም ነው፤ የጾም ምግብ በፈለጉት ሰዓት ላይገኝ ይችላልና። ሕይወት አድን የሚባለውን በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ሁለት ሦስት ከረጢት መያዝም ብልኅነት ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ግን ስለ አወሳሰዱ ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒት ለጕዞው ቀናትና ለተጨማሪ አንድ ሳምንት የሚበቃ ሆኖ በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ በሻንጣ አይታሸግ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ኢያሪኮ ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ትቶት አይውረድ፤ በሙቀት ይበላሻልና። ለደረቀው ነፋስ ከንፈርና እጅ የሚቀባ ቫዝሊን፣ አስም ላለበትም መድኃኒቱ ሁልጊዜ በኪስ ይኑር።

ወደ ዮርዳኖስና ወደ ገዳመ ቆሮንቶስ በሚወረድበት ቀን ማልዶ መነሣትና ከቀትር በፊት መመለስ ይገባል። ሙት ባሕር ውስጥ የሚገባ ሰው ውሃው ዐይኑንና አፉን እንዳይነካው ይጠንቀቅ፤ ጨው እጅግ የበዛበት ስለ ሆነ ያቃጥላል፤ ቢዋጥም ይጐዳል። በዝናብ ወራት ደግሞ በምድረ በዳው ሸለቆ ውስጥ መቀመጥ ወይም መሻገር አደገኛ ነው፤ ከላይ በተራራው የዘነበው ውሃ ከታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ይህን የደጋና የቈላ ሰው ከአገሩ ወንዝ ያውቀዋል፤ በባዕድ አገር ግን መርሳት ቀላል ነው።

በሙቀት የተመታ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ሲብስም ንግግሩ ይምታታል። እንዲህ ሲሆን ወዲያው ወደ ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ አንገቱንና ብብቱን በረጠበ ጨርቅ ማቀዝቀዝና ማራገብ ያስፈልጋል። አእምሮው ሙሉ ከሆነ ውሃ በጕንጭ በጕንጭ ይሰጠው፤ አእምሮው ከተምታታ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ አምቡላንስ ይጠራ። በዚያ አገር የአምቡላንስ ስልክ ቍጥር 101 ነው፤ ይህን ቍጥር ጽፎ በተሳላሚው ቦርሳ ውስጥ ማድረግ ለቤተ ሰብ ቀላል ሥራ ነው።

ከዚህም ጋር የሀገሩ የጸጥታ ሁኔታ እንደ አየሩ ተለዋዋጭ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት ወዲህ ጉዞዎች ሲቋረጡና ሲቀጠሉ ታይተዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልና ከመነሣት በፊት የቅርብ ጊዜውን ወሬ ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻ ለልጆች አንድ ቃል እንናገር። እናትን ወይም አባትን ወደ ኢየሩሳሌም መላክ ታላቅ ምርቃት የሚገኝበት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ትኬት ቈርጦ እስከ አይሮፕላን ማረፊያ መሸኘት ብቻውን አይበቃም። ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ሻንጣውን ማሰናዳት፣ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ለይቶ በወረቀት መጻፍ፣ የሕመማቸውን ስም ለቡድኑ መሪ አስቀድሞ መንገር፣ በወጣት ጕልበት የሚረዳቸው አንድ የጕዞ ጓደኛ አደራ ማለት የልጆች ድርሻ ነው። ሲመለሱም «ምን አመጣችሁልን?» ከማለት አስቀድሞ «እንዴት ሰነበታችሁ? አየሩስ እንዴት ተቀበላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የሚቀጥለው ተሳላሚ የሚዘጋጀው ከዚያ መልስ ነውና። ለመሳለም የሚሄዱትን ሁሉ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳቸው።